ወደ ሳነቴ መውጫ፦ ሁለት የአየር መለኪያዎችና አንድ ባዶ ሳጥን

ባሌ ልሄድ ነው ስላቸው ግማሾቹ የመሥሪያ ቤት ልጆች ቀይ ቀበሮ ፎቶ አንስተሽ ላኪልን አሉኝ፤ ግማሾቹ የሐረና ማር አዘዙኝ። ቀበሮዋን አንድ ጊዜ ከሩቅ አይቻታለሁ፤ ጀርባዋን ሰጥታን አይጥ ትፈልግ ነበር። ማሩንም አምጥቻለሁ፤ ያልደረሰው ዘግይቶ የመጣ ብቻ ነው። ስለ ቀበሮና ስለ ማር ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ይህ ማስታወሻ ስለ ሥራው፣ ስለ መንገዱና ስለ ተቀበሉን ሰዎች ነው።

ሥራዬን ለማያውቅ ላስረዳ። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚገኙ ጋዞች አሉ፤ ሚቴን አንዱ ነው። አየሩ አንድ ኩንታል ጤፍ ቢሆን ሚቴኑ ከመሀሉ የተነሳ ቁንጥር ነው። ያቺን ቁንጥር የሚመዝን መሣሪያ ደግሞ እንደ ሰው ያረጃል፣ ብርድ ይመታዋል፣ ይዘነጋል። ስለዚህ አዲስ አበባ የተፈተነ ሌላ መሣሪያ ይዤ በየጣቢያው እዞራለሁ። የእኔን ከጣቢያው መሣሪያ አጠገብ አስቀምጥና ሁለቱም አንድ ዓይነት አየር እየሳቡ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጡ እንደሆነ አያለሁ። የእህል ነጋዴ ሚዛኑን በሌላ ሚዛን እንደሚያስፈትሸው ማለት ነው። የያዝኩትን «እንግዳው»፣ የጣቢያውን «ቤተኛው» ብዬ እጠራለሁ።

የአሁኑ ጉዞ ግን ከሌላው ጊዜ የተለየ ነበር። ከጎባ በላይ ያለው ጣቢያችን የሚልከው ቁጥር ሌሊት ሌሊት ከሚገባው ያንሳል የሚል ጥርጣሬ አዲስ አበባ ተነስቷል። አለቃዬ «ከእንግዳው ጋር ከተስማማ ይቆይ፤ ካልተስማማ ነቅለሽ አምጪው» አለኝና በውስጡ ስፖንጅ የተነጠፈለት ትልቅ ባዶ ሳጥን አስጫነኝ። ቤተኛው ከተነቀለ ጣቢያው ይዘጋል። የጣቢያው ባለሙያ ዘይነባ ወደ አዲስ አበባ ትዛወራለች፤ እግራቸውን የሚያማቸውን እናቷን ደግሞ ጎባ ጥላ መምጣቷ ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፤ በስልክ የነገርኳት እኔው ነኝ።

እሑድ

በማለዳ ተነሳን። ሾፌራችን መኮንን ከእኔ ጋር ብዙ አገር የዞረ ሰው ነው፤ ሲነዳ ጎበዝ፣ ሲገዛ ደግሞ በሽተኛ። መኪናውን የሚያቆመው ለቤንዚን ሳይሆን ለጎመን ነው። አዳማ ቁርስ በላን፣ አሰላን አለፍን፣ በቆጂ ስንደርስ እንደፈራሁት ድንች አየ።

«መኮንን፣ ገና እየሄድን ነው እኮ። ስንመለስ ትገዛለህ» አልኩት።

«ስንመለስ እንደዚህ ያለ አይገኝም እትዬ። ድንች ሲያዩት ነው።»

አንድ ጆንያ ድንች እየጫነ ሳለ እኔ ሻይ ፍለጋ ሄጄ ነበር። ስመለስ ጆንያው ከኋላ ወንበር ላይ ተንፈላሷል። ከሥሩ ምን እንዳለ አላየሁም፤ ማየት ነበረብኝ።

ዶዶላ ምሳ በላን። ከአዳባ በኋላ መንገዱ እየወጣ ሲሄድ መስኮት ዘጋሁ፣ ከዚያ ሹራብ ጨመርኩ፣ ዲንሾ ስንደርስ ደግሞ ነጠላዬን በራሴ ላይ ጠመጠምኩ። እኔ የኮልፌ ሰው ነኝ፤ ብርድ አውቃለሁ እል ነበር። የኮልፌ ብርድ ጠዋት መጥቶ ረፋድ ላይ ተሰናብቶ የሚሄድ ነው። የዲንሾው ግን የራሱ ቤት ያለው ነው። ደጋ አጋዘኖች መንገድ ዳር ቆመው አዩን፤ እነሱ ምንም አልበረዳቸውም።

ሮቤ ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ከተማዋ ሜዳ ላይ ስለተዘረጋች ከሩቅ ትታያለች፤ ዙሪያዋ ስንዴ ነው። ሆቴሉ ሙቅ ውሃ አለ ሲለን በባልዲ መሆኑን አልነገረንም ነበር፤ ግን ባልዲውን ያመጣችው ልጅ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ «እትዬ፣ ሌላ ላምጣ?» ስላለችኝ ቅሬታዬን ዋጥኩት። አዲስ አበባ ቧንቧው ሙቅ የሚል ምልክት አለው፣ ውሃው ግን የለም።

ዕቃዬን ስፈትሽ ነው ነገሩ የመጣው። ሁለቱ መሣሪያዎች ከአንድ ቱቦ አየር እንዲስቡ የሚያደርግ፣ ቧንቧ ሠራተኞች «ቲ» የሚሉት ዓይነት ባለሦስት አፍ የመስታወት ማያያዣ ነበረኝ። ጠቅልዬ በቦርሳዬ ይዤው የነበረው ከድንቹ ሥር ውሎ ዱቄት ሆኗል። መኮንን ቦርሳውን ሲያይ ፊቱ ተቀያየረ። ልቆጣው አስቤ ነበር፤ ግን እሱ ራሱ አፍሮ እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

ሰኞ

ጠዋት የሮቤን የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች ዞርን። ቲ የሌለው ሱቅ የለም፤ ግን ሁሉም ለውሃ ቧንቧ የሚሆን ወፍራም ነው። የእኛ ቱቦ ከትንሽ ጣት ይቀጥናል። መጨረሻ ላይ ሸምሱ የሚባል የስልጤ ሰው ሱቅ ገባን። ሰውዬው የመስታወቱን ስብርባሪ መዳፉ ላይ አድርጎ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ የመደርደሪያውን ሣጥኖች በሙሉ አወረደ። ሌሎች ገዢዎች ቆመው ይጠብቁታል፤ እሱ ግን «ትንሽ ታገሡኝ፣ እነዚህ እንግዶች ናቸው» እያለ ይፈልጋል።

«የለኝም» አለ በመጨረሻ፣ የጠፋበት የራሱ ዕቃ ይመስል አዝኖ። «ሻሸመኔ ግን ወንድሜ አለ። የናስ ሊሆን ይችላል፤ ናስ ይሆናችኋል?»

«ካላፈሰሰ ይሆነናል» አልኩት።

«እንግዲህ ኢንሻአላህ ሐሙስ በሚኒባስ ይደርሳል።»

ቀብድ ልስጠው ብል እጄን መለሰው። መርካቶ ቢሆን ኖሮ ዕቃውን ሳያይም ቀብድ ይጠይቀኝ ነበር ብዬ ለመኮንን ነገርኩት። ለጊዜው ቲ ስለሌለን ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን አስረን እንጀምር ብዬ ወሰንኩ። ሁለቱም አንድ ቦታ እስከተሰቀሉ ድረስ ልዩነቱ ኢምንት ነው።

ጎባ ከሮቤ ቅርብ ነው፤ ወሬ ሳይጀመር ይደረሳል። ሮቤ ገና እየተገነባች ያለች ከተማ ናት፤ ጎባ ግን ዛፍ የበዛባት፣ አሮጌ፣ ዝምታ የምታውቅ ናት። ዘይነባ ቤቷ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀን አገኘናት። ወደ አርባ የሚጠጋት፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ከጃኬቷ በላይ ዳሩ አረንጓዴ የሆነ ወፍራም ጋቢ ለብሳለች። እናቷ እማማ ፋጡማ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል፤ ሳይቀመጡ መሄድ የለም ብለው እርጎና ዳቦ አቀረቡልን። ሥጋ ባለማቅረባቸው ጎረቤት ያማቸው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ክርስቲያን መሆኔን አስበው የተውት መሆኑ ስለገባኝ እርጎውን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

መኪናው ውስጥ ስትገባ ዘይነባ ኋላ የተጫነውን ሳጥን አየችው።

«ባዶ ነው?» አለችኝ።

«ባዶ ነው።»

«ባዶውን ይመለስ ዘንድ ዱዓ አድርጌያለሁ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ጣቢያው ከጎባ ወደ ሳነቴ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ጫካ አልቆ ሜዳው ሲጀምር ነው። አንድ ክፍል ቤት፣ ከጎኑ ረጅም ምሰሶ፣ ዙሪያውን አጥር፤ ሌላ ምንም የለም። ዘበኛው አባ ከድር በር ከፍተውልን በሁለት እጃቸው እጄን ያዙ። «አካም ኦልተን? ፈያ? መንገዱ እንዴት ነበር? ቤት ሰላም ነው? ልጆች ሰላም ናቸው?» እያሉ መልስ ሳይጠብቁ ይጠይቃሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጢማቸው በሒና ቀልቷል። የቆሙበት ቦታ ነፋስ ስለሚያገኘው ሰውየው ሁልጊዜ ትንሽ ዘንበል ብለው ነው የሚቆሙት።

ቤተኛው በደህና እየሠራ ነበር። እንግዳውን አጠገቡ አስቀመጥን፤ ቱቦውን ከቤተኛው ቱቦ ጎን ምሰሶው ላይ ሰቀልነው። ልዩ ጋዝ ከተሞላ ጠርሙስ ሁለቱንም አጠጣናቸው፤ በጠርሙሱ ውስጥ ስንት ሚቴን እንዳለ ስለምናውቅ የሚዋሸውን ያጋልጣል። ሁለቱም እውነቱን ተናገሩ። ዘይነባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለች።

አባ ከድር ከበሩ ሆነው ሲመለከቱ ቆይተው የእንግዳውን ቱቦ በጣታቸው ነካ አደረጉ። መኮንን የመስታወቱን ወሬ ነግሯቸው ነበር።

«ይሄም ይሰበራል?»

«እሱ ከተሰበረማ አባ ከድር፣ እኔም አብሬ ተሰበርኩ» አልኳቸው። ቀልዴን ነው።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ጣቢያው ማደሪያ ስለሌለው ከመምሸቱ በፊት ለአባ ከድር አስረክበን ወደ ጎባ ወረድን።

ማክሰኞ

ጎባ ያደርንበት ሆቴል ብርድ ልብሱ ሦስት ነው፤ ሦስቱንም ለብሼ እግሬ አልሞቀም። ጠዋት ስንወጣ አባ ከድር «አካም ቡልተን?» ብለው ተቀበሉን፤ ቱቦዎቹ እንደተውናቸው ጎን ለጎን ተሰቅለዋል።

ኮምፒውተሩን ከፈትን። የቀኑ መስመሮች አንድ ላይ ይሄዱና ከምሽቱ ጀምሮ ይለያያሉ። የእንግዳው ሽቅብ ይወጣል፣ የቤተኛው እንደነበረ ይቀጥላል፣ ሊነጋ ሲል ደግሞ እንደገና ይገናኛሉ። አዲስ አበባ የተጠረጠረው ይኸው ነበር፦ ብርዱ ሲከብድ ቤተኛው ይደነዝዛል።

 ዘይነባ የመሣሪያውን ማሞቂያ ፈተሸች፣ ባትሪውን ፈተሸች፣ ሽቦውን ሁሉ በእጇ እየነካች ሄደች። እኔም አብሬ ፈተሽኩ። ሁሉም ደህና ነው። ምሳችንን አባ ከድር ከሰጡን የገብስ ቆሎ ጋር እዚያው በላን። ውጭ ነፋሱ የሚጀምረው ከቀትር በኋላ ነው፤ አመሻሹ ላይ ምሰሶው ራሱ ያፏጫል። እንጦጦ ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ ነፋስ ብዬ ስጠራው የኖርኩት ስህተት ነው።

«አንድ ቀን አይፈረድበትም፤ ዛሬ ደግሞ እንየው» አልኳት ስንወርድ። እሷም ራሷን ነቀነቀች።

ረቡዕ

ያው ነው። እንዲያውም ልዩነቱ ሰፍቷል። የእንግዳው መስመር ሌሊቱን እንደ ዳገት ወጥቶ ጠዋት ወርዷል፤ የቤተኛው ሜዳ ላይ ነው።

ስልክ የሚይዝበት ድንጋይ ላይ ወጥቼ ለአለቃዬ ደወልኩለት። ሁለት ሌሊት ካየሽ ይበቃል፣ ጫኚውና ነዪ አለኝ። ነፋሱ ድምፁን እየቆራረጠው ስለነበር ሁለቴ አስደገምኩት፤ ሁለቴም ያንኑ አለ። ወደ ቤቱ ስመለስ ዘይነባ ሁሉንም ከፊቴ አንብባው ነበር።

«ከባድ ነው» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«እኔ ከዚህ ተነሥቼ አዲስ አበባ መሄዴ አይደለም፣ እትዬ» አለች። «እሱም አለ፤ እናቴን ለማን እሰጣታለሁ? ግን አምስት ዓመት ይህን ቁጥር ስልክ ነው። ያ ሁሉ ሌሊት ውሸት ነበር ማለት ነው?»

  እሷ ወጥታ ባዶውን ሳጥን ከመኪናው አወረደች፤ መኮንን ሊያግዛት ቢነሳ «ተወው፣ አቧራ ጠጥቷል፣ ላጽዳው» አለችውና ከቤቱ ጎን ብቻዋን ይዛው ቆየች። እኔ በመስኮት ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት። ሳጥኑን ዘግታ፣ ማሰሪያውን አጥብቃ መልሳ መኪናው ላይ ጫነችው።

እማማ ፋጡማ ምሳ ልከውልን ነበር፤ በዘይት የተሠራ ድንች ወጥና እንጀራ። ረቡዕ መሆኑን፣ እኔም እንደምጾም ማንም አልነገራቸውም።  ከምሳ በኋላ መሣሪያውን ለመንቀል መፍቻዬን ሳነሳ ዘይነባ እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ ሳይፈርዱበት ይጠይቁት።»

«ምኑን?»

«ጠርሙሱን ያጠጣነው በቀን ነው። ብርድ ይመታዋል ካሉ በብርዱ ሰዓት ያጠጡት። ያኔ ከዋሸ እኔ ራሴ ተሸክሜ መኪናው ላይ አስቀምጠዋለሁ።»

ልክ ናት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ደግሞ ላፈስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። መኮንን በጨለማ ቁልቁለት መንዳት እንደማይወድ አጉረመረመ፤ የድንቹን ነገር ሳነሳበት ዝም አለ።

ጀምበር ስትጠልቅ ብርዱ ከወለሉ ተነሥቶ በጫማዬ ገባ። ዘይነባ ጠርሙሱን ከፈተች፤ ሁለታችንም በቤተኛው ቁጥር ላይ ተደፋን። ቁጥሩ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ትክክል ነው፤ ቀን ከነበረው ዝንፍ አላለም። ደግመን አጠጣነው፤ ያው። ዘይነባ ልታለቅስ ስትደርስ እኔ ይበልጥ ግራ ገባኝ። ቤተኛው በብርድ ካልዋሸ፣ እንግዳውም ካልዋሸ፣ ሌሊት ሌሊት ምን ያጣላቸዋል?

ያን ጊዜ ነው ውጭ መሰላል ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ የሰማነው።

ወጣን። አባ ከድር መሰላል ላይ ናቸው። የእንግዳውን ቱቦ ከምሰሶው ፈትተው በክንዳቸው ጠምጥመዋል፤ እያየናቸው ወርደው ቤቱን ዞሩ፣ ነፋስ ወደማይገባበት ወደ ጀርባው ግድግዳ ወስደው በጥንቃቄ አሰሩት። የቤተኛውን አልነኩትም። ሥራቸውን ጨርሰው ዞር ሲሉ አዩን፤ ምንም አልደነገጡም።

«አባ ከድር፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«ነፋሱ መጣ» አሉ። «ሌሊት በጣም ይመታል። እንዳይሰበርባችሁ ነው።»

«ትናንትም እንደዚህ አድርገዋል?»

«ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም። ጠዋት መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አደራ እንደተቀበሉት ነው የሚመለሰው።»

«የእኛውንስ ለምን ተዉት?» አለቻቸው ዘይነባ።

አባ ከድር ጥያቄው ገረማቸው። «የእኛ የቤት ነው፤ ለምዶታል። የእንግዳ ዕቃ ነፋስ ላይ ይደር? ቢሰበር ቤቱ አይደለም ወይ የሚያፍረው? ደግሞ እሳቸው ከተሰበረ እሰበራለሁ ብለዋል።»

ከጀርባው ግድግዳ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ በሜዳው የሚሰማሩ ከብቶች ለማደር ተጠግተው ተኝተዋል፤ እነሱም ነፋስ መሸሻ ቦታ ያውቃሉ። ላም ስታመሰኳ የምታገሳው አየር ሚቴን ነው። እንግዳው ሁለት ሌሊት ሙሉ የላም ትንፋሽ ሲጠጣ አድሯል፤ ቤተኛው ደግሞ ነፋስ ላይ ሆኖ ከሩቅ የመጣውን የተራራ አየር ሲለካ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ስንቴ ከአፌ ወጥቷል፤ እኔ መሣሪያውን ሁሉ ጠርጥሬ የሰው ደግነት መሆኑን አልጠረጠርኩም።

ዘይነባ መሰላሉ ሥር ቁጭ ብላ ፊቷን በጋቢዋ ልትሸፍን እጇን ስትሰድ ጋቢው ስላልነበረ በእጇ ሸፈነችው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። አባ ከድር ያጠፉ መስሏቸው በኦሮምኛ ቶሎ ቶሎ ይጠይቋታል፤ እሷ እንባና ሳቅ ቀላቅላ ትመልስላቸዋለች። እኔ ተጠግቼ እጃቸውን ያዝኩና ቱቦው ቢሰበርም ግድ የለም፣ ሁለቱ አብረው ይደሩ ብዬ ለመንኳቸው። «እሺ፣ ቤቱ የእናንተ ነው» አሉ፤ ግን ደስ አላላቸውም።

ሐሙስ

ጠዋት ሁለቱ መስመሮች ሌሊቱን አንድ ላይ አድረዋል። ለአለቃዬ ደወልኩለት፤ ሰው ሰምቶ የሚስቀው ዓይነት ወሬ ስለሆነ ሳቀ፣ ከዚያ ግን ደንቡ ደንብ ነው አለ፤ በአንድ ቱቦ ካልተፈተኑ አይፈረምም። ወደ ሮቤ ወረድን።

ሸምሱ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። የናሷ ቲ በጨርቅ ተጠቅልላ በኪሱ ውስጥ ናት፤ ሱቅ ውስጥ ብተዋት ሌላ ሰው ይገዛታል ብዬ ፈራሁ አለን። ዋጋዋን ወንድሙ የነገረውን ብቻ ተቀበለ፤ ለመኮንን ደግሞ ድንች የሚጭንበት ጠንካራ ገመድ መረቀለት። ወሬው እሱ ዘንድም ደርሷል ማለት ነው።

ከቀትር በኋላ ጣቢያው ደረስን። ምሰሶው ላይ አንድ ቱቦ ሰቅለን ቤት ውስጥ በናሷ ቲ ለሁለቱም አካፈልነው። አባ ከድር ገብተው ተመለከቱ።

«አሁን ከአንድ ሰሃን ሆነ» አሉ። «ከመጀመሪያው እንዲህ ብታደርጉ እኔም አልጨነቅም ነበር።»

ዘይነባ ስትሠራ ትንቀጠቀጥ ነበር። ጃኬቷ ቀጭን ነው።

«ጋቢሽስ?» አልኳት።

«ታጥቦ ነው።»

«በዚህ ብርድ ጋቢ የሚታጠብ? የደጋ ሰው ሆነሽ» ብዬ ቀለድኩባትና የእኔን ትርፍ ሹራብ አለበስኳት። ሰፋት፤ ግን አላወለቀችውም።

ዓርብ

ሁለቱ መስመሮች አንድ ሆነው አደሩ፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት ቀለማቸውን ማየት ያስፈልግ ነበር። ፈረምኩ። ቤተኛው ጤነኛ ነው፣ ይቆይ፤ አምስት ዓመት የላከው ሌሊት ሁሉ እውነት ነው። ዘይነባ ፊርማዬን አየችና «አልሐምዱሊላህ» ብላ የመሣሪያውን አቧራ በእጅጌዋ ጠረገች፤ አቧራ አልነበረውም።

እንግዳውን ጠቅልለን ከሰዓት በፊት ወረድን፤ ዘይነባ ለጁምዓ እንድትደርስ። እማማ ፋጡማ ቤት ሽሮ ተሠርቶ ጠበቀን፤ ዛሬም ጾም መሆኑን ያውቃሉ። አጠገባቸው አስቀምጠውኝ የልጃቸውን እጅ ያዙ። ከዚያ «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑኝ። እኔ ምን አደረግሁ፣ ልነቅለው የመጣሁት እኔ ነኝ ልል አስቤ ተውኩት።

መኮንን ከሐረና ጫካ፣ ከሪራ መንደር የመጣ ማር ገዛ፤ ለእኔም ለመሥሪያ ቤቱም። ማሰሮዎቹን ባዶው ሳጥን ውስጥ እናስቀምጥ፣ ስፖንጅ አለው፣ አይሰበሩም አለኝ። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ማር አይነካውም ብዬ ከለከልኩት። አኮረፈ፤ ማሰሮዎቹን ድንቹ መሀል ቀበራቸው።

ቅዳሜ

በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ዲንሾ ላይ ከመኪናው ወርጄ ትንሽ ቆምኩ፤ የመጣሁ ዕለት የሸሸሁትን ብርድ ልሰናበተው ፈለግሁ መሰለኝ። በቆጂ ላይ መኮንን ድንች አየ፤ ከእኛ ድንች ያነሰና የረከሰ ነበር። አልተናገርኩትም። አዲስ አበባ ስንገባ መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ፣ ጭሱ መስኮት ሲያንኳኳ፣ እንግዳውን ከኋላዬ አየት አደረግሁት፤ እዚህ ቢከፍቱት ምን ይል ይሆን ብዬ።

ሰኞ ዕለት ዕቃ ግምጃ ቤት ባዶውን ሳጥን ለመመለስ ማሰሪያውን ፈታሁት። ባዶ አልነበረም። ዳሩ አረንጓዴ የሆነው ወፍራም ጋቢ በስፖንጁ ላይ ተነጥፏል፤ መሀሉ ጎድጎድ ብሎ፣ በቤተኛው ቁመትና ወርድ ልክ ተስተካክሎ፣ ጫፎቹ ደግሞ ከላይ እንዲሸፍኑት ወደ ውጭ ተዘርግተው። ረቡዕ ዕለት ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳጥን ታጸዳለች ብዬ በመስኮት ሳያት የምታነጥፈው ይህን ነበር። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፤ ንብረት ያዡ ምን ሆንሽ ሲለኝ አቧራ ነው አልኩት።

ደወልኩላት።

«ጋቢሽ እኔ ጋ ነው» አልኳት። «ሐሙስ ስትንቀጠቀጪ ለምን አላወጣሽውም? ሳጥኑ እኮ መኪናው ላይ ነበር።»

«እስክትሄዱ ድረስ ምን ይታወቃል ብዬ ነው፣ እትዬ። ከሄደም በርዶት እንዳይሄድ።»

«በሚቀጥለው ሰው እልክልሻለሁ።»

«አይላኩት። የእርስዎ ሹራብ አለኝ» አለችኝ። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል፤ ጣቢያው ላይ ናት። «ለእንግዳው ያልብሱት። እሱ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ደግሞ አባ ከድር የሉትም።»